የመኪና መንዳት ጌም የቀጥታ ሥርጭት፤ ተመልካቹ ወዴት ሄደ?

አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። ጭነቱን ከበርሊን ወደ ሮተርዳም እያደረሰ ነው። በሰዓት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ አይሽቀዳደምም፣ የትራፊክ መብራት ሲቀላ ይቆማል፣ ነዳጁ ሲያልቅ ይቀዳል፣ ሲደክመው ዳር ይዞ ይተኛል። ይህንን ሲያደርግ ደግሞ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት ቀጥታ ሥርጭት ይመለከቱታል፤ አንዳንዶቹም ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ይልኩለታል።

ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ አንባቢ፣ በተለይም ከጂቡቲ እስከ ሞጆ ያለውን መንገድ በጎማው ለሚያውቅ ሹፌር፣ ነገሩ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ቀልድ ግን አልነበረም። በዚህ መንገድ እንጀራቸውን የጋገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የፎርሙላ ዋን ሹፌሮች ሳይቀሩ አንድ ሰሞን በዚህ መስክ ተሰልፈው ነበር። ካለፉት አራት አምስት ዓመታት ወዲህ ግን የተመልካቹ ቁጥር እየሳሳ፣ ወረቱም እየበረደ መጥቷል። ለምን?

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የቀዘቀዘው ጌሙ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቱ መሪና ፔዳል ገጥሞ የሚነዳው ሰው አልጠፋም፤ ጌሞቹም ይሸጣሉ። የቀዘቀዘው ሌላ ሰው ሲነዳ ቁጭ ብሎ የማየቱ ልማድ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። በሠፈራችን ኳስ የሚጫወተው ልጅ ቁጥር ባይቀንስም የሠፈር ጨዋታ ሊያይ ሜዳ ዳር የሚቆመው ሰው ሊቀንስ ይችላል። የዚህኛውም ነገር እንዲሁ ነው።

ከጀስቲን ኮፍያ እስከ አማዞን

የዛሬው የቀጥታ ሥርጭት ገበያ መነሻው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 ነው። ጀስቲን ካን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ኮፍያው ላይ ካሜራ ገጥሞ የዕለት ኑሮውን ሌት ተቀን በኢንተርኔት ማስተላለፍ ጀመረ። ጀስቲን ቲቪ ይባል ነበር። ብዙም ሳይቆይ መድረኩ ለማንም ክፍት ሲሆን፣ ሰዉ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሌሎች ጌም ሲጫወቱ ማየት እንደሚወድ ታየ። በሰኔ 2011 የጌሙ ክፍል ተነጥሎ ትዊች ተባለ። በነሐሴ 2014 ደግሞ አማዞን ትዊችን በ970 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ሰው ጌም ሲጫወት ለሚያሳይ ድረ ገጽ ይህን ያህል ገንዘብ መከፈሉ በወቅቱ ብዙ ሰው ያስደነቀ ወሬ ነበር።

የመንዳት ጌሞች በዚህ ገበያ ውስጥ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የእሽቅድምድም ነው። ካዙኖሪ ያማውቺ የተባለው ጃፓናዊ በታኅሣሥ 1997 ለፕሌይስቴሽን ያወጣው ግራን ቱሪስሞ የዚህ ወገን አባት ነው ማለት ይቻላል፤ መኪናው እንደ አሻንጉሊት ሳይሆን እንደ መኪና ክብደት እንዲኖረው ያደረገ ጌም ነበርና። ኒሳን ከዚህ ጌም ጋር ተባብሮ ከ2008 ጀምሮ ባካሄደው ውድድር ጎበዝ ተጫዋቾችን ወደ እውነተኛ የውድድር መኪና አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ካሸነፉት አንዱ የእንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ ታሪክ በ2023 ፊልም ሆኖ ወጥቷል። ከዚህም የጠነከረው አይሬሲንግ ነው። ከ2008 ጀምሮ በየወሩ እየተከፈለበት የሚነዳ፣ የውድድር ሜዳዎቹን በሌዘር እየለካ የሚገለብጥ ጌም ነው። እውነተኛ የናስካር ሹፌሮች ይለማመዱበታል።

ሁለተኛው ወገን የሥራ ጌም ነው። ኤስሲኤስ ሶፍትዌር የተባለው የፕራግ ኩባንያ በጥቅምት 2012 ያወጣው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የዚህ ወገን ቁንጮ ነው። ሽልማት የለውም፤ ጠላት የለውም። ጭነት ትወስዳለህ፣ ታደርሳለህ፣ ሂሳብህን ትቀበላለህ። ቀይ መብራት ከጣስክ ትቀጣለህ፤ ከተጋጨህ የጥገናው ወጪ ከኪስህ ነው። የጌሙ መንገድ 19 ጊዜ ያጠረ ነው፤ በዚህ ሂሳብ ከአዲስ አበባ አሰላ ያለው 175 ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ያልቃል ማለት ነው። አዳማን ሳያዩ አሰላ መድረስ ነው።

ዋናው ወጉ ነው

ታዲያ ሰው ይህንን ምን ብሎ ያያል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ያዝናናል፣ ያረጋጋል» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ከአሽከርካሪው አፍ ነው። ጥይት የሚተኮስበት ጌም የሚጫወት ሰው ማውራት አይችልም። እጁም ዓይኑም አእምሮውም ተይዟል። ከባድ መኪና በአውራ ጎዳና የሚነዳ ሰው ግን አፉ ነፃ ነው። ተመልካች የጻፈለትን ያነባል፣ ይመልሳል፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ድመቱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ያወራል። መንገዱ ዝምታውን ይሸፍንለታል። ወሬ ሲያልቅበት የሚታይ ነገር አለ፤ ወሬ ሲመጣ ደግሞ መንገዱ አያስቸግርም።

ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ተሳፋሪ ከማያውቀው ሰው ጋር በሰዓታት ውስጥ የልብ ወዳጅ ይሆናል። ፊት ለፊት ተያይቶ ከመነጋገር ይልቅ ሁለቱም ወደ መንገዱ እያዩ ማውራት ይቀላል። የትዊች የከባድ መኪና ሥርጭት ሲሸጥ የኖረው የጋቢናውን ወንበር ነው። በዩሮ ትራክ የሚታወቁት አስተላላፊዎች በአነዳዳቸው ሳይሆን በጨዋታቸው የሚወደዱ መሆናቸው ለዚህ ነው።

ውድቀቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ትዊች በመስከረም 2018 «ወሬ ብቻ» ሊባል የሚችል ክፍል ከፈተ። ጌም ሳይጫወቱ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ማውራት ተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የራሱ ቤት ተሠራለት ማለት ነው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይህ ክፍል በመድረኩ ላይ በብዛት ከሚታዩት ቀዳሚው ሆነ። ለማውራት ሲል መኪና የሚነዳ የነበረው ሰው ከዚያ ወዲያ መኪናው አላስፈለገውም። ሊሰማ የሚመጣውም እንዲሁ። የመንዳት ጌሞች ለዓመታት የሌላ ነገር ሰበብ ሆነው ማገልገላቸውን ያሳወቀው፣ ሰበቡ የማያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ነው።

ሌላው ተመልካች ደግሞ ወደ ጂቲኤ 5 ሄደ። በዚህ ጌም ሰዎች በአንድ ሰርቨር ተሰባስበው አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዱ ሌባ እየሆኑ እንደ ተከታታይ ድራማ የሚተውኑበት ዘዴ አለ። በተለይ ኖፒክስል የተባለው ሰርቨር በ2019ና በ2021 ትዊችን አጥለቅልቆት ነበር። እዚያም መኪና ይነዳል። ግን መኪናው ውስጥ ታሪክ አለ፤ ሹፌሩ የሚሸሸው ወይም የሚያሳድደው ሰው አለ። ከበርሊን ሮተርዳም የሚሄደው መኪና ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

የኮሮናው ሠርግ

የእሽቅድምድሙ ወገን ታሪክ ይለያል። እርሱን ከፍ ያደረገውም የጣለውም አንድ ነገር ነው፤ ኮሮና።

በመጋቢት 2020 የዓለም የመኪና ውድድሮች በሙሉ ሲቆሙ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ የሚያሳዩት አጡ። ናስካር ሹፌሮቹን በየቤታቸው አይሬሲንግ ላይ አስቀምጦ ውድድሩን በፎክስ ቴሌቪዥን አስተላለፈ። የመጀመሪያውን 900 ሺህ ያህል፣ ከሳምንት በኋላ የተካሄደውን የቴክሳስ ውድድር ደግሞ 1.3 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። ፎርሙላ ዋንም በተመሳሳይ መንገድ ቻርልስ ሌክለርክን፣ ላንዶ ኖሪስን፣ ጆርጅ ራስልን በጌም አሽቀዳደመ። በሰኔ 2020 የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ሳይቀር በኮምፒውተር ተካሄደ። የሚያስተናግደው ድርጅት፣ ስፖንሰሩ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ «ዘመኑ መጣ» አለ።

ይሁንና ሠርጉ ገና ሳያልቅ ጠቡም ተጀመረ። ቡባ ዋላስ የተባለው የናስካር ሹፌር በሚያዝያ 2020 መጀመሪያ በአንድ የጌም ውድድር ላይ ተገጭቶ ቢናደድ ጥሎ ወጣ፤ ብሉ ኢሙ የተባለው ስፖንሰሩም በዚያው ተለየው። ከሳምንት በኋላ ካይል ላርሰን በትዊች በሚተላለፍ ውድድር መሐል፣ ማይክሮፎኑ መከፈቱን ረስቶ ይመስላል፣ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ቃል ተናገረ። በሁለት ቀን ውስጥ ቡድኑ አባረረው። (በሌላ ቡድን ተመልሶ በ2021 የናስካር ሻምፒዮን ሆኗል።) በግንቦት ደግሞ የፎርሙላ ኢ ሹፌር ዳንኤል አብት በእርሱ ቦታ አንድ የጌም ተጫዋች አስቀምጦ ሲያነዳ ተደርሶበት 10 ሺህ ዩሮ ለበጎ አድራጎት እንዲከፍል ተደረገ፤ አውዲም ከሥራ አገደው።

እነዚህ ሦስት ነገሮች እንደ ሐሜት ሊታለፉ አይገባም። ሹፌሩ ቤቱ ሆኖ ጌም ሲጫወት ራሱን በጨዋታ ላይ እንዳለ ይቆጥራል። ስፖንሰሩና ተመልካቹ ግን በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጥሩታል። አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ካልሲውን አውልቆ ተቀምጦ የሚሊዮኖች ዶላር ውል ሊያጣ እንደሚችል ሲያይ ዳግመኛ ካሜራውን ለመክፈት ያመነታል። እውነተኛው ፎርሙላ ዋን ሐምሌ 5 ቀን 2020 ኦስትሪያ ላይ ሲመለስ ስመ ጥሮቹ ሹፌሮች ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ተመልካቹም ተከተላቸው። ሊያይ የመጣው ጌሙን ሳይሆን ሰዎቹን ነበርና።

የመጨረሻውን ሚስማር የመታው ማክስ ቨርስታፐን ነው ቢባል ግነት አይሆንም። የዓለም ሻምፒዮኑ ቨርስታፐን ጌም ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። በጥር 2023 በተካሄደው የኮምፒውተር ሌ ማን ላይ ቡድኑ እየመራ ሳለ መስመሩ ተቋረጠበት። ሰርቨሩ ሲንገዳገድ ስላደረ ውድድሩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ቨርስታፐን በቀጥታ ሥርጭቱ ላይ ዝግጅቱን ከሰርከስ ቀልደኞች ትርዒት ጋር አመሳስሎ አማረረ፤ ዳግም እንደማይገባበትም ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ አልተካሄደም።

ገንዘቡ

አሁን ደግሞ ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ ቀሪው ነገር የሚገባው ከሂሳቡ ነውና።

በጥቅምት 2021 የትዊች የውስጥ ሰነዶች አፈትልከው ወጡ። ለማን ምን ያህል እንደተከፈለ በግልጽ ታየ። ከሰነዱ በተሠራው ስሌት መሠረት በዚያ ዓመት ከተከፈለው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የወሰዱት ከመቶ አንድ የሚሆኑት አስተላላፊዎች ናቸው። የተቀረው ዘጠና ዘጠኝ እጅ የቀረውን ይከፋፈላል። ትዊች ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት ለአነስተኛ አስተላላፊዎች ክፍያ ለመጀመር የሚጠይቀው መስፈርት በአማካይ ሦስት ተመልካች ማግኘት ነበር። ሦስት! ይህንን ማሟላት ያቃተው ሰው ብዙ ነው።

የመንዳት ጌም አስተላላፊ በዚህ ሂሳብ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። ካርታ የሚጫወት ወይም የሚያወራ ሰው ካሜራና ወንበር ይበቃዋል። መንዳትን በአግባቡ ሊያሳይ የሚፈልግ ግን መሪ፣ ፔዳል፣ የማርሽ ዘንግ፣ ቢቻል ሦስት ስክሪን፣ አቅሙ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። በአንድ ዓመት የማይመለስ ወጪ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ የሰባት ሰዓት ሥርጭቱን ትተው በሰላሳ ሴኮንድ ቪዲዮ የረኩ ሰዎች መጡ። ቲክቶክና የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች የግጭቱን ሰዓት ብቻ ቆርጠው ያሳያሉ። ረጅም መንገድ ለአጭር ቪዲዮ አይመችም፤ በአራተኛው ሰዓት ላይ የሚያምር የፀሐይ መጥለቅ አለ ብሎ የሚጠብቅ የለም።

መድረኩ ራሱም ከሳ። ትዊች በኮሮናው ጊዜ የደረሰበትን የተመልካች ብዛት ይዞ መቆየት አልቻለም። በጥር 2024 ከ500 በላይ ሠራተኞች አሰናበተ፤ በየካቲት 2024 ደግሞ የኔትወርክ ክፍያው አልቻልነውም ብሎ ከደቡብ ኮሪያ ወጣ። የጌም ሠሪዎቹም ቤት ሰላም አልነበረም። ፕሮጀክት ካርስ የተባለው ታዋቂ የእሽቅድምድም ጌም በኅዳር 2022 በባለቤቱ በኢኤ ውሳኔ ቆመ። ፎርዛ ሞተርስፖርትን የሚሠራው ተርን 10ም በሐምሌ 2025 የማይክሮሶፍት ቅነሳ በርካታ ሠራተኞቹን አጥቷል። አዲስ ጌም በማይወጣበት መስክ አዲስ ተመልካች አይመጣም።

በዚህ ሁሉ መሐል የማይቀዘቅዝ አንድ ሥርጭት አለ። ታሪኩም አስገራሚ ነው። ዴዘርት ባስ ይባላል። ፔን ኤንድ ቴለር የተባሉት የአሜሪካ አስማተኞች በ1995 ለገበያ ሳይቀርብ የቀረ የጌም ጥራዝ ውስጥ ያስገቡት ቀልድ ነበር። ከቱሳን እስከ ላስ ቬጋስ በረሃውን አቋርጦ ባዶ አውቶቡስ መንዳት ነው፤ ልክ እንደ እውነቱ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። አውቶቡሱ ትንሽ ትንሽ ወደ ቀኝ ስለሚጎትት መሪውን ለቅቆ መሄድ አይቻልም። ማቆሚያ የለውም። ከመንገድ የወጣ ሰው እስከ ቱሳን ድረስ ተጎትቶ ይመለሳል፤ ጉተታውም እንደ መንዳቱ ያንኑ ያህል ጊዜ ይወስዳል። ስምንቱን ሰዓት የጨረሰ ሰው አንድ ነጥብ ያገኛል። አንድ ብቻ። በካናዳ ቪክቶሪያ ከተማ የሚገኙ ቀልደኞች ከኅዳር 2007 ጀምሮ በየዓመቱ ይህንን አሰልቺ ጌም ለቀናት ያለማቋረጥ እየተፈራረቁ እየነዱ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ገንዘብ ያሰባስባሉ። በ2020 ብቻ የሰበሰቡት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሕፃናቱን ለመርዳት የሚያይ ሰው መንገዱ ቢሰለቸውም ትቶ አይሄድም።

ከአሰላ ሲታይ

ይህ ሁሉ ሽርጉድ ሲሆን እኛ የት ነበርን? አጭሩ መልስ፤ መስመር ላይ አልነበርንም።

የዓለም ሕዝብ ቤቱ ተዘግቶበት ጌም በሚያይበት በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰኔ 22 ቀን አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም ጠፍቶ ቆየ። በዚያ ሰሞን አርሲ ውስጥ ሰው የሞተበት፣ ቤት ንብረቱ የተቃጠለበት አካባቢ ነበርና ስለ ጌም ማንሳቱ ራሱ ነውር ይመስላል። ነገር ግን የቀጥታ ሥርጭት ሙያ የሚቆመው በማይቋረጥ መስመር ላይ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ተዘግተው እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል ቆዩ። አሜሪካዊው አስተላላፊ አንድ ሳምንት ቢጠፋ ተመልካች ይሸሸዋል። አምስት ወር የጠፋ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

መስመሩ አለ እንበል። ትዊች ጥራት ላለው ሥርጭት የሚመክረው 6 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ነው። ይህ በሰዓት 2.7 ጊጋ ባይት ይበላል፤ የሦስት ሰዓት ሥርጭት ከ8 ጊጋ በላይ ማለት ነው። ይህ የሚወርድ ሳይሆን የሚላክ ዳታ ነው፤ የእኛ መስመር ደግሞ መላክ ላይ ይለግማል። ውድድር ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ሰርቨሩ አውሮፓ ስለሆነ ፍሬን የረገጥክበት ቅጽበትና ሌላው ያየበት ቅጽበት ይለያያል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የሴኮንድ አንድ አሥረኛ አምስት ሜትር ተኩል ነው፤ የአንድ መኪና ርዝመት። መብራት ከሄደ ደግሞ ሁሉም ነገር በዚያው ያበቃል።

መሪውስ? ሎጂቴክ ጂ29 የተባለው፣ ጀማሪ ሁሉ የሚገዛው መሪ፣ በ2015 ሲወጣ ዋጋው 400 ዶላር ነበር። በዶላር 57 ብር ሂሳብ 23 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ በ120 ብር ስናሰላው ያው መሪ 48 ሺህ ብር ይገባል፤ ብሩ ከዚያም ወርዷል። ትራንስፖርቱን፣ ቀረጡንና የነጋዴውን ትርፍ ሳንጨምር ነው።

በመሆኑም በአሰላም ሆነ በአዲስ አበባ የጌም ባህላችን ያደገው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ከጆተኒና ከፑል ቤት ቀጥሎ የመጣ ነው። እዚያ የሚነግሠው ኳስ ነው፤ ፊፋ። መኪና የሚነዱት ተራ እስኪደርሳቸው የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ በመሪ ሳይሆን በጆይስቲክ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይሏል። በፕሌይስቴሽን ቤት ከሚጫወቱት ሁለት ልጆች ጀርባ ሁልጊዜ አምስትና ስድስት ልጅ ቆሞ ያያል፣ ያሾፋል፣ ይመክራል። ሌላው ሲጫወት ማየትን ትዊች አላስተማረንም። እኛ ዘንድ ማያው በነፃ ስለሆነ ብቻ ነው ንግድ ያልሆነው።

ዲክሲስና ኮምባይነሩ

ከመንዳት ጌሞች ሁሉ አርሲን የሚመለከተው ፋርሚንግ ሲሙሌተር ነው። ጃይንትስ ሶፍትዌር የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ከ2008 ጀምሮ የሚያወጣው ይህ ጌም ትራክተር መንዳት፣ ማረስ፣ መዝራት፣ በኮምባይነር ማጨድ ነው። በኅዳር 2024 የወጣው እትም በአንድ ሳምንት 2 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል። በ2019 ደግሞ 250 ሺህ ዩሮ የተመደበበት የውድድር ሊግ ተቋቁሞለት፣ የእርሻ ማሽን አምራቾች ቡድን አሰልፈውበታል።

እንግዲህ አስቡት። ፈረንጁ ከቢሮ ሲመለስ ሊዝናና ብሎ ኮምባይነር ይነዳል። በአርሲ ደጋ፣ በዲክሲስ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴና ገብሱ ሲደርስ ገበሬው ኮምባይነር እስኪመጣለት ዓይኑ ይንከራተታል። ማሽኑ ከቆላው ጀምሮ አዝመራው በደረሰበት ቅደም ተከተል ወደ ደጋው ይወጣል፤ ክፍያውም በኩንታል ነው። ዝናብ ከቀደመ እህሉ ይበላሻል። ነጂው አቀማመጡን ካላስተካከለ ፍሬው ከገለባው ጋር መሬት ላይ ይቀራል፤ ኪሣራው የገበሬው ነው። በአርሲ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ከስዊድን ጋር የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ዘመናዊ እርሻን ካስተዋወቀ ወዲህ ማሽን ነጂነት በዚህ አገር የተከበረ ሙያ ነው። ነጂው የሚሠለጥነው ግን በአብዛኛው ከቀዳሚው ነጂ ጎን ተቀምጦ እያየ ነው፤ በእውነተኛ ማሽን፣ በእውነተኛ እህል ላይ።

ይህ ጸሐፊ ጌም ማሠልጠኛ ይሁን ብሎ የሚሟገት አይደለም። በኮምፒውተር የተማረ ሰው ኮምባይነር ይነዳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ይሁንና አየር መንገዳችን አብራሪዎቹን በቦሌ በሲሙሌተር እያሠለጠነ የሚያስመሰክር ሆኖ ሳለ፣ የምድሩ ነጂ ፍሬን መያዝ የሚለምደው ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ መሆኑ ሊያነጋግረን ይገባል። በዓለም ላይ የጌም ሥርጭቱ ወረት ሲያልፍ የቀረው ጠቃሚ ነገር ይኸው ነው። ሃያ ዓመት የተደከመበት፣ የጎማን መንሸራተት ሳይቀር የሚያሰላ፣ ዋጋውም የወረደ ሶፍትዌር። የእኛ ማሠልጠኛዎች ሊመለከቱት የሚገባው ከአሮጌ መኪናቸው ጎን ነው።

ከጋቢና በቀጥታ

የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በውጭ አገር የጌሙ ሥርጭት ሲቀዘቅዝ እኛ ጋር የሞቀው የእውነተኛው ነው።

የኢትዮጵያ የቀጥታ ሥርጭት ዋና መድረክ ትዊች ሳይሆን ቲክቶክ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ገበያውን ከተቀላቀለ ወዲህ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወጣት ቀርቧል። ቲክቶክ ላይ መሪም ሦስት ስክሪንም አያስፈልግም። ተመልካቹ፣ በተለይ በውጭ አገር ያለው ወገን፣ ስጦታ ይልካል፤ አስተላላፊው ያመሰግናል፣ ወግ ይቀጥላል። ሹፌሮችም ይህንን አውቀዋል። ከጋቢና ሆኖ ቪዲዮ የሚለቅ የከባድ መኪና ወይም የአውቶቡስ ሹፌር ዛሬ ብርቅ አይደለም። ስልኩ ክሩስኮቶው ላይ ቆሟል፤ ዘፈን አለ፤ መንገዱ ይታያል። አገሩን ከአሥር ዓመት በፊት ለቆ የወጣ ሰው የሚያውቀውን ጠመዝማዛ መንገድ ሲያይ እንባው ይመጣል። ለምን እንደሚታይ መረዳት አያስቸግርም። ከላይ የጠቀስነው የጋቢና ወንበር ነው፤ ይህኛው ደግሞ እውነተኛ ነው።

ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። የዩሮ ትራኩ ነጂ የተጻፈለትን ለማንበብ ዓይኑን ከመንገዱ ሲያነሳ የሚጋጨው ሥዕል ነው። የእኛው ሹፌር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ስልኩን ቢያይ 33 ሜትር ያህል በዕውር ድንብር ተጉዟል። ከፊቱ ያለው ከብት የሚነዳ ሕፃን፣ ባጃጅ፣ ወይም «ቀይ ሽብር» የሚል ስም የወጣለት ሲኖትራክ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ በሚሞትባት አገር ይህ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያው ደንብ እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ መጠቀምን ይከለክላል። ትራፊክ ፖሊሱ የሚይዘው ግን ስልኩን ጆሮው ላይ የለጠፈውን ነው፤ ክሩስኮቶ ላይ አቁሞ ለሦስት ሺህ ሰው የሚያወራውን የሚይዝበት መንገድ ገና አልተለመደም። የአውቶቡስ ባለንብረቶችና ማኅበራት ግን መያዣ አላቸው፤ ሹፌራቸው በየትኛው ሰዓት በየትኛው መንገድ ላይ ሥርጭት እንደከፈተ ቪዲዮው ራሱ ይመሰክራል፤ መኪናው ደግሞ የእነርሱ ነው።